የኮይሉ ሁለት ጫፍ

አጅዋንግ ኮይሉን ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ዙር በዙር እየሰረዘች ነበር። ከትምህርት በኋላ እየተቀመጠች፣ እያንዳንዱን ዙር በአጫጭር መስመሮች ቀጣጥላ፣ ልክ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ እንደተጠመጠመው እውነተኛ ሽቦ አስመስላ የሣለችው ኮይል ነው። ስትሠራው ብዙ ለፍታበታለች። አሁን ግን ጣቷ የመሰረዣውን ቁልፍ ሲጫን ቅንጣት አላዘነችም። የመጨረሻው ዙር ሲጠፋ የአንቴናው መሐል ባዶ ቀረ። በባዶው ቦታ አንዲት ነጥብ አስቀመጠችና አንቴናውን የሚያሰላውን ፕሮግራም «ኮይሉ ይቺ ነጥብ ናት» አለችው።

ፕሮግራሙ አልተከራከራትም። በአንቴናው ላይ የሚሄደውን ከረንት የሚያሳየው ቀይ መስመር ከታች ተነሥቶ ነጥቧ ጋ ደረሰ፤ ምንም ሳይቀንስ አልፏት ወጣ። ከኮይሉ በታች ያለውና ከኮይሉ በላይ ያለው ከረንት እኩል ሆኑ ማለት ነው። ለዓይን ደስ የሚል ሥዕል ነበር። ውሸት መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ጨረስሽ?» አለቻት ኛዱዎት ከጀርባዋ መጥታ። ኛዱዎት የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ዛሬ ግን መልእክተኛ ሆና ነው የመጣችው። «ሩሐማ ቶሎ አምጪልኝ ብላኛለች። ለነገው ኤግዚቢሽን ፖስተር ልታሳትም ነው።»

«ለምን ራሷ አትመጣም?»

«እኔ እንጃላችሁ! በሁለታችሁ መሐል ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።»

አጅዋንግ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ከከንፈሯ አላለፈም። እውነተኛውን ሞዴል በራሷ ፍላሽ ላይ አስቀርታዋለች። ሐሰተኛውን ኛዱዎት በያዘችው ፍላሽ ላይ ገለበጠችና ሰጠቻት።

«ሙሉው ነው በያት። ደግሞ ሰላም በያት።»

ኛዱዎት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻት። «ሰላም? ታረቃችሁ እንዴ?»

«ሰላም በያት አልኩሽ እኮ።»

ኛዱዎት ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። አጅዋንግ ኮምፒውተሩን ዘግታ የጣሪያው ማራገቢያ ሥር ቆመች። ላቧ ሲደርቅ ተሰማት። ሁለት ወር ሙሉ ደረቷን ተጭኗት የነበረው ነገር ቀለል ያለላት መሰላት።

የትምህርት ቤቱ የሬዲዮ ክበብ ዘንድሮ የሠራው አጭር አንቴና ነው። ክበቡ በሚጠቀምበት ሞገድ ሙሉ አንቴና ይቁም ቢባል ከግቢው ማንጎ ዛፍ በላይ ይወጣል። ወደ ኢታንግና ወደ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ የሚመላለሱት የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ግን አጭር ዘንግ ተክለው ነው ከሩቅ የሚነጋገሩት። ዘንጉ ላይ ወፈር ያለ ነገር አለ፤ ውስጡ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። የጎደለውን ርዝመት የሚያካክሰው እሱ ነው። አጅዋንግ ይህን ያወቀችው ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው፤ እናቷ ኛኬር ኢታንግ በሚገኝ የእርዳታ ድርጅት የሬዲዮ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ሌሎች ልጆች ተረት እየሰሙ ሲያድጉ፣ አጅዋንግ የመኪና መጥሪያ ቁጥርና «ሰማሁህ፣ ቀጥል» የሚል ድምፅ እየሰማች አደገች።

ስለዚህ የክበቡ መሪ መምህር ረታ «ኮይሉ ውስጥ የገባው ከረንት በሌላው ጫፍ ስንት ሆኖ ይወጣል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሁሉም «እኩል» ብሎ ሲመልስ፣ እሷ ዝም አለች። በክፍል ውስጥ የተማሩት ትንሹ ኮይል እውነትም እንደዚያ ነው፤ የገባው ይወጣል። ይሄኛው ግን ክንድ የሚያህል ነው። ሽቦው በተጠመጠመ ቁጥር ከረንቱ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያለ በዙሪያው ባለው አየር በኩል ወደ መሬት ይካፈላል፤ ላይ የሚደርሰው ታች ከገባው ያነሰ ነው። አጅዋንግ ይህን ያረጋገጠችው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛ፣ ተከፍቶ በሚዘጋ ትንሽ የብረት ቀለበት ላይ ቀጭን ሽቦ ጠምጥማ፣ ባለ መርፌ መለኪያ አገናኝታ፣ ቀለበቱን ከኮይሉ በታችና በላይ እያጠለቀች ለካች። ሁለተኛ፣ ኮይሉን ኮምፒውተር ላይ ዙር በዙር ሣለችው። መርፌውና ፕሮግራሙ ተስማሙ፤ ውጤቱን ግን ለኤግዚቢሽኑ ብላ ለመምህር ረታ ገና አላሳየችም።

ያኔ ሩሐማ አጠገቧ ነበረች፤ መርፌውን ግን ልብ ብላ አላየችውም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ጃንጥላ ዝናብ አሳልፈው ነው የመጡት። የሩሐማ አባት አቶ ጥዑመልሳን ከደጋ ተዛውረው የመጡ የጤና ባለሙያ ናቸው፤ ኮስታራ ሰው። ሩሐማ ቁጥርና ሥዕል ብዙም አትወድም፤ ንግግር ላይ ግን የሚወዳደራት የለም። አጅዋንግ ታስባለች፣ ሩሐማ ትናገራለች። እንደዚያ ነበር የተከፋፈሉት።

ከዚያ ሬዲዮው ተቃጠለ።

የዚያን ቀን ከሰዓት አጅዋንግ ኮይሉን ልታስተካክል የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ነቅላ ወደ ግቢው ወጣች። «ሩሐም፣ እስክመለስ ማይኩን እንዳትነኪ። አንቴና የለውም» ብላት ነበር የወጣችው። ስትመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበላት። ሩሐማ በአንድ እጇ ማይኩን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ቆማለች። ሬዲዮ ላይ ስታወራ ቪዲዮ ልትቀርጽ ፈልጋ ነው። ማይኩን ተጭና ስታወራ፣ መሄጃ ያጣው ኃይል ተመልሶ የሬዲዮውን ሆድ አቃጠለው።

ወዲያው መምህር ረታ ገቡ። ሩሐማ ዞራ አጅዋንግን አየቻት፤ ከዚያ በዚያ በሚፈስ አማርኛዋ «ቲቸር፣ ገመዱ ሳይሰካ እንዳትጫኚ ብያት ነበር» አለች።

አጅዋንግ አፏ ተከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣም። ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። የመጣላት አኙዋክኛ ነው፤ እሱንም እየጮኸች ተናገረችው። መምህር ረታ ያዩት አንዷ ረጋ ብላ ስታስረዳ፣ ሌላዋ ስትጮህ ነው። ፈረዱ። አጅዋንግ ከሬዲዮ ክፍሉ ታገደች፤ የቀረላት በኮምፒውተር ክፍሉ የምትሠራው ሞዴል ብቻ ነው። በማግስቱ ቢሮአቸው ሄዳ ብታስረዳም «አሁን መካካዱ ምን ይጠቅማችኋል?» ብለው አሰናበቷት።

ኮሪደሩ ላይ ሩሐማ ክንዷን ይዛት ነበር። «እባክሽ አጅዋንግ። አባቴ ከሰማ ጎሬ አክስቴ ጋ ነው የሚልከኝ፤ ምሏል። ያንቺ እናት ትራራለች። የኔ አባት አይራራም።» አጅዋንግ እጇን መንጭቃ ሄደች።

እናቷ ግን አልራራችም። አልመታቻትም፣ አልሰደበቻትም። ቅዳሜ ከኢታንግ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ማይክ ከመጫንሽ በፊት ገመዱን እይ ብዬ አላስተማርኩሽም?» ብቻ አለች። አጅዋንግ «እኔ አይደለሁም» አለች። እናቷ አየቻትና «ማጥፋት ያለ ነው። መካዱ ነው ያሳዘነኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሬዲዮ አውርተው አያውቁም። ድሮ የሬዲዮ ክፍሉን ወሬ ሁሉ ታወራላት የነበረችው እናት፣ አሁን ስለ ገበያና ስለ ዓሣ ዋጋ ብቻ ታወራለች። ሬዲዮው አዲስ አበባ ሄዶ ተጠግኖ መጣ። የእናቷ ወሬ ግን አልተመለሰም።

አጅዋንግ ሩሐማን ይቅር ማለት ያቃታት ለዚህ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሐሙስ ጠዋት ነበር። አዳራሹ በተማሪና በወላጅ ጢም ብሏል። በሮቹ ሁሉ ቢከፈቱም ሙቀቱ አልቻል ብሎ ሰው በደብተርና በመጽሔት ፊቱን ያራግባል። ከየወረዳው የመጡ ተማሪዎች የሠሩትን ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል፤ አሸናፊው አዲስ አበባ ይሄዳል። ከፊት መደዳ አቶ ጥዑመልሳን ክራቫታቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል።

አጅዋንግ ከኛዱዎት ጋር ከኋላ ተቀመጠች። እጇን መቼ እንደምታነሣ፣ ምን ብላ እንደምትጠይቅ አዘጋጅታለች። አማርኛው እንዳይጠፋባት ጥያቄውን ቤት መስታወት ፊት ቆማ ደጋግማ ተለማምዳዋለች።

ከዚያ በበሩ በኩል እናቷ ስትገባ አየች። ኛኬር የድርጅቱን ሰማያዊ ሰደሪያ እንደለበሰች፣ የኢታንግ መንገድ አቧራ ሳይራገፍላት መጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሄዳ ስትጠይቃት «መኪና ስለተገኘ ነው» አለች። «የተጠገነውን ሬዲዮ ልየው ብዬ።»

ያቺ «የተጠገነው» የምትል ቃል አጅዋንግን እንደ እሾህ ወጋቻት። በውስጧ ጥቂት ተጠራጥሮ የነበረ ነገር ካለም በዚያች ቅጽበት ደነደነ። ጥሩ፣ አለች በልቧ። አንቺም ታያለሽ።

የሬዲዮ ክበቡ ተራ ሲደርስ ሩሐማ ወደ መድረኩ ወጣች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ፀጉሯ በሥርዓት ተሠርቷል። ከጀርባዋ ትልቁ ፖስተር ተሰቅሏል፤ ቀዩ መስመር ነጥቧን አልፎ ሽቅብ ይሄዳል። ሩሐማ ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ስለ ክረምት፣ ስለ ባሮ መሙላት፣ የስልክ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሬዲዮ ሰው እንዴት እንደሚያገናኝ አወራች። ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። መምህር ረታ ጥግ ላይ ቆመው ፊታቸው በርቷል።

«እንደምታዩት፣» አለች ሩሐማ ፖስተሩን እያሳየች፣ «በሞዴላችን መሠረት ኮይሉ ውስጥ የገባው ከረንት ሳይቀንስ ይወጣል። በሁለቱም ጫፍ እኩል ነው።»

ከዳኞቹ አንዱ አቶ ፍቃዱ ነበሩ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው የመገናኛ ቴክኒሽያን ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፖስተሩን አዩ። አንድ ነገር ሊጠይቁ አሰቡ፤ ግን አጅዋንግ ቀደመቻቸው። እጇን አነሣች።

«ጥያቄ አለኝ» አለች። «ኮምፒውተሩ እኩል ነው ብሏል። አንቴናው ራሱስ? ከታችም ከላይም ለክታችሁ አይታችኋል?»

ሩሐማ ዓይኗን ስትጥልባት ፊቷ ትንሽ ተለዋወጠ። ወዲያው ግን ፈገግ አለች። «በእርግጥ። ውጤቱ ያው ነው።»

«እንግዲያው እንየዋ!» አሉ አቶ ፍቃዱ ደስ ብሏቸው ተነሥተው። «አንቴናው ውጭ ቆሟል አይደል?»

ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወደ ግቢው ወጣ። አንቴናው ከማንጎው ጥላ ፈንጠር ብሎ ቆሟል፤ ኮይሉ ከሰው ደረት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። መምህር ረታ ገመዱን ራሳቸው አዩ፣ ሬዲዮውን በትንሽ ኃይል ከፈቱ፣ ሁሉም ከአንቴናው ራቅ እንዲል አስጠነቀቁ። ሩሐማ በረጅም የእንጨት ዘንግ ጫፍ የታሰረውን ቀለበት ከኮይሉ በታች አስገባች። መርፌው ዘሎ ተነሣ።

«አሁን ከላይ» አሉ አቶ ፍቃዱ።

ቀለበቱ ከኮይሉ በላይ ሲገባ መርፌው ተነሥቶ መንገድ ላይ ቀረ። ቅርብ የቆሙት ሁሉ አዩት።

ሩሐማ ቀለበቱን አወጣችና መልሳ አስገባች። ያው ነው። ዘንጉን አዟዟረችው። ያው ነው። «መለኪያው ችግር አለበት መሰለኝ» አለች። አቶ ፍቃዱ ወደ ታች አውርጂው አሏት፤ መርፌው እንደገና ዘሎ ተነሣ። መለኪያው ምንም አልሆነም።

«ለክተን አይተናል አላልሽም እንዴ?» አሉ አቶ ፍቃዱ በለሆሳስ።

ከተማሪዎቹ መሐል አንዱ «ፎገረችን!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ፈነዳ። ሌላው «ሽቦው ነው ወይስ እሷ ናት የዋሸችው?» ሲል ደግሞ ሳቁ ግቢውን ሞላው። የሩሐማ ጆሮ ቀላ። አቶ ጥዑመልሳን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

አጅዋንግ ሁሉንም አየች። አንዲት ነገር ሳታመልጣት አየች። ያን ቀን በሬዲዮ ክፍሉ አፏ ተከፍቶ ቃል ሲጠፋት የተሰማት ነገር አሁን በሩሐማ ፊት ላይ ተጽፏል። ጣፈጣት። በጠራራ ፀሐይ እንደተጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮዋን እያራሰ ወረደ። ይህን ያህል ይጣፍጠኛል ብላ አላሰበችም ነበር።

«ሞዴሉን የሠራው ማነው?» አሉ አቶ ፍቃዱ።

ሩሐማ ቀና አለች። በሰዉ መሐል ፈልጋ አጅዋንግን አገኘቻት፤ ያን ጊዜ ገባት። አጅዋንግ እንደገባት ከዓይኗ አወቀች። ሩሐማ እጇን ዘርግታ ጠቆመች።

«አጅዋንግ ናት። ፋይሉን የሰጠችኝ እሷ ናት።»

ግቢው ወደ አጅዋንግ ዞረ። መምህር ረታ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ደግሞ አንቺ እንደ ማለት ነበር። እናቷ ከኋላ ሰዉን እየሰነጠቀች ስትጠጋ ታየቻት።

የአጅዋንግ ደም ፈላ። ለሁለተኛ ጊዜ! ያቺው ከሳሽ፣ ያው መምህር ፊት። ግን ልትጮህ አፏን ስትከፍት አንድ ነገር ያዛት። ያኔ የተናገረችው ውሸት ነበር። አሁን የተናገረችው እውነት ነው።

«ነይ እስኪ» አሉ አቶ ፍቃዱ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «ኮይሉን በአንድ ነጥብ ተክተሽዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ትልልቅ የሬዲዮ ሰዎችም ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል። ተሳስተሽ ነው አይደል?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላታል። «አዎ፣ ተሳስቼ ነው» ብትል አለቀ። ዳኛው ራሳቸው ሰበቡን አቀብለዋታል። የሚጠረጥራት ከሩሐማ በቀር ማንም የለም፤ ሩሐማን ደግሞ ዛሬ ማን ያምናታል? አጅዋንግ እናቷን አየች። ኛኬር ከመለኪያው አጠገብ ቆማ መርፌውን ሳይሆን የልጇን ፊት ነበር የምታየው።

«አልተሳሳትኩም» አለች አጅዋንግ። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ እንዳይጠፉባት ቀስ እያለች ነው የምታወጣቸው። «ሆን ብዬ ነው። ትክክለኛውን አውቀዋለሁ። እሷ እንድትዋረድ ብዬ የውሸቱን ሰጠኋት።»

ማጉረምረም ተነሣ። ኛዱዎት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጅዋንግ ፍላሿን ከኪሷ አውጥታ ከሬዲዮው አጠገብ ያለው የክበቡ ላፕቶፕ ላይ ሰካችና እውነተኛውን ሞዴል ከፈተች። ዙር በዙር የተሣለው ኮይል ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቀዩ መስመር ከታች ተነሥቶ፣ ኮይሉን ሲወጣ በየዙሩ እየሳሳ፣ ከላይ ቀጥኖ ወጣ። አቶ ፍቃዱ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቁጥሩን መርፌው ካሳየው ጋር አመሳከሩ።

«ተስማምቷል» አሉ። ቀጥለው ቀና ብለው አዩዋት። «ይህን የመሰለ ሥራ እያለሽ ለምን? ምን አድርጋሽ ነው?»

ሁለት ወር ሙሉ የጠበቀችው ጥያቄ ይሄ ነው። ሁሉም ይሰማል፤ እናቷ፣ መምህር ረታ፣ አቶ ጥዑመልሳን። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ አማርኛውም አልጠፋትም። ግን ሆን ብላ እንደዋሸች አሁን የተናገረች ልጅ «ሬዲዮውንም ያቃጠለችው እሷ ናት» ብትል ሰዉ እንደ ሌላ የብቀላ ወሬ እንደሚቆጥረው ገባት። ከእሷ አፍ ከወጣ ከንቱ ነው። መውጣት ያለበት ከሌላ አፍ ነው።

«እሷ ታውቃለች» አለች። «እሷን ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ ሩሐማ ዞረ። አጅዋንግም ዞረች፤ ዓይኗን አልነቀለችላትም። ሩሐማ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አባቷን አየች። አባቷ ቀና ብለው ይጠብቃሉ።

«እኔ... ምንም አላውቅም» አለች። ዘንጉን መሬት ላይ ጥላ፣ ሰዉን እየገፈተረች በግቢው በር ወጣች። አቶ ጥዑመልሳን ተከተሏት።

ክበቡ ከውድድሩ ወጣ። አዲስ አበባ የሚሄዱት በፀሐይ የሚሠራ የዓሣ ማድረቂያ ያቀረቡት የኢታንግ ልጆች ሆኑ። መምህር ረታ ሬዲዮውን ሲያሽጉ አጅዋንግን ቀና ብለው ሳያዩ «ነገ ቢሮ እንድትመጪ» አሏት። ማብራሪያ አልጨመሩም። አቶ ፍቃዱ ግን ሊሄዱ ሲሉ ጠጋ ብለው «ሥራው ግሩም ነው። ያዋልሽበት ነገር ግን አስጠሊታ ነው» ብለዋት ሄዱ። ሁለቱም እውነት ነበር።

ከእናቷ ጋር ወደ ቤት የሄዱት በእግራቸው ነው። ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ያልፏቸዋል። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ኛኬር ቆመች። ከታች ባሮ ላይ ልጆች እየተንቦጫረቁ ይዋኛሉ፤ አንድ ሰው ታንኳውን ወደ ዳር ይጎትታል።

«ሬዲዮውን» አለች እናቷ በአኙዋክኛ፣ ውሃውን እያየች። «ማን ነው ያቃጠለው?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ እማ። እኔ አይደለሁም። ገመዱን ነቅዬ ወጣሁ። እንዳትነኪ ብያት ነበር የወጣሁት።»

ኛኬር በሻካራ መዳፏ የልጇን አንገት ከኋላ ያዘች፤ አጅዋንግ ሕፃን ሳለች በገበያ ግርግር እንደምትይዛት።

«ዛሬ ተሳስቼ ነው ብትይ ያልፍልሽ ነበር» አለች። «ሰውየው ራሱ እንዲያ በይኝ ብሎ ለምኖሽ ነበር። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ክፋትሽን ያልደበቅሽ ልጅ፣ ለእኔ ምን ብለሽ ትዋሺኛለሽ?» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ያን ቀን ልሰማሽ ይገባኝ ነበር።»

አጅዋንግ አለቀሰች። ያለቀሰችው ደስ ብሏት ይሁን ተናዳ አላወቀችም። እናቷ እንባዋን እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ደስ አለሽ?» አለቻት በመጨረሻ። «ልጅቷ ስትዋረድ?»

አጅዋንግ አሰበች። «አዎ» አለች። «በጣም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ።»

ኛኬር ራሷን ነቀነቀች፤ አልተቆጣችም። መንገዱን ሲቀጥሉ ባለፈው ሳምንት በዝናብ ጭቃ ውስጥ ተይዞ በሬዲዮ ሲጣራ ስላመሸው የኩሌ ሾፌር ማውራት ጀመረች። አጅዋንግ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ተጠግታት ሄደች።

ቤት ደርሳ ፊቷን ስትታጠብ ስልኳ ጮኸ። ሩሐማ ናት። ሬዲዮው ከተቃጠለ ወዲህ ጽፋላት አታውቅም።

«ላባቴ ነገርኩት። ሁሉንም። ጎሬ ይላከኝ አይላከኝ አላውቅም፤ ገና አላናገረኝም። ነገ ጠዋት ቲቸር ረታ ጋ ገብቼ ልነግራቸው ነው። ብቻዬን ፈራሁ። አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

አጅዋንግ ከደጅ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። መጀመሪያ «ያኔ እኔ ብቻዬን ነበርኩ» ብላ ጻፈች። ሰረዘችው። «የራስሽ ጉዳይ» ብላ ጻፈች። ያንንም ሰረዘችው። ይቅር ብዬሻለሁ ልትል አልቻለችም፤ እውነት አይደለም። ቁጣዋ ቀንሷል እንጂ አላለቀም። ሩሐማ በዚያ በር ስትገባ ማየት ትፈልጋለች። ሸሽታ እንዳትመለስ ይሁን፣ ወጥታ ስታለቅስ ብቻዋን እንዳትሆን ይሁን፣ ለራሷም አልለየላትም።

እናቷ ከውስጥ ለራት ጠራቻት።

«መጣሁ እማ» አለችና ጣቷ ስልኩ ላይ ፈጠን ብሎ ሄደ።

«አልገባም። በሩ ላይ ግን እቆማለሁ። በጠዋት ነይ።»

ላከችውና ተነሥታ ገባች።